የሙሽራዋን ልብስ የሠራው ሰው

ከሽሮ ሜዳ ወደ ታች ስወርድ አንዳንድ ቀን ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ የሸማኔ ዕቃ ድምፅ ይሰማኛል፤ መጀመሪያ መወርወሪያው በድሩ መሀል ሲሾልክ፣ ከዚያ ማጉን የሚያጠብቀው እንጨት ሲመታ። አንድ ጊዜ መትተው የሚያልፉ ሸማኔዎች አሉ፤ አባቴ ግን ልብሱ ይሳሳል ብሎ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ይመታ ነበር። ያ ምት በጆሮዬ በገባ ቁጥር ቤታችን ይመጣብኛል፤ አንዲት ክፍል፣ በመስኮቱ ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ፣ አባቴ ማዳ እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ ጎንበስ ብሎ። ከቤቱ ጋር አብሮ የሚመጣብኝ ንዴትም አለ፣ ዓመታት አልፈውም አልበረደልኝም።

አባቴ በወጣትነቱ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶኮ የመጣ ሰው ነው። እናቴ አስካለ ግን እዚሁ ቁስቋም ሥር ተወልዳ ያደገች ስትሆን፣ ሸማኔ አግብታ እሱ ወደሚጸልይበት የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ወገኖቿ እንደሞተች ቆጥረዋት ነበር። ከነሱ መካከል ደጃችንን የምትረግጠው ታላቅ እህቷ እትዬ ብርቄ ብቻ ነበረች፤ እሷም የምትመጣው ልብስ ስትፈልግ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር። ለጥምቀት የሚለብሰውን ከአባቴ እጅ ተቀብሎ ሲወጣ፣ በር ላይ ልጁን ሲቆጣ «ይሄ ሸማኔ» እያለ ነበር የሚሰድበው።

ያን ዓመት ክረምቱ ከባድ ነበር፤ ድሩ እርጥበት ስቦ እርስ በርሱ እየተጣበቀ አባቴን ያስቸግረው ነበር። በአንድ ዝናባማ ከሰዓት እትዬ ብርቄ ከልጇ ከሕይወት ጋር መጣችና ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ነገሯን ጀመረች።

«ማዳ፣ የሕይወት ሠርግ ጥር ላይ ነው። ባለ ጥበብ ቀሚስ፣ ከነነጠላው። መቼም እንዳንተ የሚሠራ የለም።»

«እሠራለሁ እትዬ ብርቄ። የእኔስ ልጅ አይደለች?»

ሕይወት አባቴን ትወደው ነበር። ልጅ ሆና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደኛ እየመጣች፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብላ «ጋሼ ማዳ፣ አሁን ቀዩን አስገባ፣ አሁን ቢጫውን» እያለች ታዘው ነበር ይባላል። ስለዚህ አባቴ ያንን ልብስ እንደ ትእዛዝ አልያዘውም፤ እናቴ ከእንዝርቷ የወጣውን ቀጭኑን ክር ሁሉ ለሱ መርጣ ትሰጠው፣ እሱም ጥለቱን ሠርቶ ካልወደደው ፈትቶ እንደገና ይጀምረው ነበር።

ዝናቡ አብቅቶ ኅዳር ሲገባ፣ በትምህርት ቤታችን ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን እያንዳንዳችን «የራሳችንን» ልብስ ለብሰን እንድንመጣ ታዘዝን። የክፍላችን ኃላፊ መምህርት በየተራ እያስነሣች ትጠይቀን ነበር።

«ያንተስ ብሔር?»

«እ... የጉለሌ ልጅ ነኝ ቲቸር።»

ክፍሉ ሳቀ። «ጉለሌ ክፍለ ከተማ ነው። አባትህ ሸማኔው ማዳ አይደል? ዶርዜ ነህ በቃ። ድንጉዛ ለብሰህ ና።»

ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ «መወርወሪያ» አለኝ፣ ስሙም እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልለቀቀኝም። ማታ ለአባቴ ስነግረው ፈገግ አለ። «ዶርዜ ሌላ ነው፣ እኔ ዶኮ ነኝ። እዚህ ግን ሸማኔ ሁሉ ዶርዜ ነው፣ ተወው» አለና ከተራረፈ ጨርቅ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለው ቁምጣ አዘጋጀልኝ። እናቴ ቁምጣውን ገልበጥ አድርጋ አየችውና «እኔስ? በየትኛው እግሩ በኩል ነው ያለሁት?» ስትል ሦስታችንም ሳቅን። መምህርቷ ግን ያንን ጥያቄ አልጠየቀችም፤ አንድ ልጅ ሁለት ወገን ሊኖረው እንደሚችል የሚያስብ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም።

በበዓሉ ቀን ጨፈርኩ። ከቀበሌ የመጡ አንድ ኃላፊ፣ አንገታቸው ላይ ባለ ጥለት ነጠላ ጣል አድርገው፣ ስለ እኩልነት ረጅም ንግግር ካደረጉ በኋላ ከመድረክ ወርደው ራሴን ዳበሱኝና ፎቶ ተነሣን። ሰው አጨበጨበልኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ቆንጆ አድርጌ ያየሁት ያን ቀን ነበር፤ ወደ ቤት ስመለስም ቁምጣውን አላወለቅሁም።

በማግስቱ እትዬ ብርቄ እያለከለከች ገባች። የሕይወት እጮኛ ወገኖች ዊንጌት አካባቢ ነበሩ፤ አንዷ አክስቱ በበዓሉ ላይ ተገኝታ እኔን ከእናቴ ጋር አይታኝ ኖሯል።

«አስኩ፣ ልጁን አደባባይ አውጥቶ ማስጨፈር ምን ይባላል? ይሄ ዘመዳችሁ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ እኮ።»

«የእህቴ ልጅ ነው በያቸዋ።»

«አባቱስ ቢሉኝ? ሰዎቹ አጥንት ይቆጥራሉ። አንቺ ለሠርጉ ነይ፣ ልጁንም አምጪው፣ ይሁን። ማዳ ግን... ማለቴ፣ በቃ መንገድ ሄዷል እንላለን።»

ይህን ሁሉ የምትለው አባቴ ከፊቷ ተቀምጦ፣ የልጇን የሠርግ ልብስ እየሠራ ነው።

«ወዴት ነው የሄድኩት እትዬ ብርቄ?» አለ ቀና ሳይል። «ሰው ቢጠይቀኝ እንዳልሳሳት ይንገሩኝ።»

«አትቀልድ ማዳ።»

«ልብሱ ለገና ይደርሳል» አለ አባቴ።

እሷ ስትወጣ እናቴ መቀስ ይዛ መጣች። ድሩን ቆርጠህ የደረሰበትን ያህል ስጣት ብላ ለመነችው። እሱ ግን «ልጅቷ ምን አደረገች? ሕይወት እንደ እናቷ አይደለችም፣ ራሷ ታስጠራኛለች» ብሎ መቀሱን ከእጇ ወሰደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የሚጠብቀው ሠርጉን ሳይሆን የሕይወትን አፍ ነበር።

ጥር ገባ። የሠርጉ ቀን ጠዋት አባቴ ጺሙን ተላጭቶ፣ አንዲቷን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን ጠርጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ሰው ከላከች ቶሎ እንድደርስ ነው» አለን። እኔና እናቴ ትተነው ሄድን።

ድንኳኑ ነጭ በነጭ ነበር። ሴቱም ወንዱም ሸማ ለብሷል፤ እዚያ ተቀምጦ የሸማኔ እጅ ያልነካውን ልብስ የለበሰ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር፣ ሸማኔ ግን አንድም አልነበረም። ሕይወት በአባቴ ቀሚስ ወጣች። ሙሽሮቹ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ወጉ የዘመዶቿን ጉልበት በየተራ እየሳመች መጣችና እናቴ ጋ ደርሳ ጎንበስ ስትል፣ እናቴ ጉልበቷን ወደ ጎን አሸሸች።

«ይህን የሠራልሽ ሰው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ቤቱ ተቀምጧል» አለቻት፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «የእሱን ሳትስሚ የእኔን አትሳሚ።»

ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ «ልብሱን ማን ሠራው ነው የምትለው?» ብለው ጠየቁ።

«ከገበያ ነው የገዛነው» አለች እትዬ ብርቄ።

ሕይወት ቀና ብላ እናቷን አየች፣ ከዚያ እናቴን፣ ከዚያ እኔን። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እሷ ግን የቀሚሷን ጥለት በመዳፏ ደልደል አደረገችና ወደሚቀጥለው ጉልበት አለፈች። እናቴ እጄን ይዛ ከድንኳኑ አወጣችኝ።

ቤት ስንደርስ አባቴ እንደተውነው ተቀምጦ ነበር። ፊታችንን አይቶ አስጠርታው እንደሆነ አልጠየቀም።

«ልኳ ሆነ?» አለ።

«ሆነ» አለችው እናቴ።

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

አባቴ አርጅቷል፣ ዛሬም ግን ይሠራል። ባለፈው ኅዳር ሕይወት ከስንት ዘመን በኋላ ቤታችን መጣች፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፣ ለበዓሉ «የባህል ሙያ» ፎቶ አምጪ ተብላ ነው። እናቴ ድምፅዋን ሰምታ ከጓዳ አልወጣችም። አባቴ ግን እንደ ድሮው «ግቢ ልጄ» አላት። ስልኳን ደቅና ብዙ አየችው፤ አሮጌ ጃኬትና የሱፍ ኮፍያ ነበር ያደረገው።

«ጋሼ ማዳ፣ ድንጉዛ የለዎትም? ባህላዊ እንዲሆን ነው።»

«ስሠራ የምለብሰው ይህን ነው።»

«አይ፣ ማለቴ... ሸማኔ እንዲመስሉ ብዬ ነው።»

እዚያ ከነበርነው የተናደድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ መሰለኝ። አባቴ የጉድጓዱን አፍ በሁለት እጁ ተደግፎ ቀስ ብሎ ወጣ። «እንግዲያው ዕቃውን ብቻ ፎቶ አንሺው» አላት። አነሣችው። ስትወጣ የሠርግ ልብሷ የት እንዳለ ጠየቅኋት፤ ለሴት ልጇ ብላ ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጠችው ነገረችኝ።

«ማን ሠራው ብትልሽ ምን ትያታለሽ?»

«ታክሲው እየጠበቀኝ ነው» አለችኝ።

ፎቶውን በማግስቱ ስልኬ ላይ አየሁት። ግማሽ የደረሰ ነጠላ፣ የተወጠረው ድር፣ ባዶው ጉድጓድ፤ ከሥሩ «ማንነታችን» የሚል ጽሑፍ። ብዙ ሰው አመስግኗል፣ ዋጋውን የጠየቁም አሉ፤ ሠሪውን የጠየቀ የለም። ያኔ አክስቴ አባቴን ከሰው ዓይን ለመሰወር መዋሸት ነበረባት፤ ዛሬ ውሸትም አላስፈለገም።