ጉም ውስጥ የተከራከሩት

ትናንት ከሰዓት የልጅ ልጆቼ በረንዳዬ ላይ ሊበላሉ ደረሱ። ሀብታሙ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲመለስ እግዜርን እዚያው ረስቶት መጥቷል። የአክስቱ ልጅ ገብሬ ደግሞ ዲያቆን ነው፤ ገና ጢም ሳያበቅል ጳጳስ ጳጳስ ይጫወታል። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ያነባል፣ ሌላው ዳዊቱን። ባቄላ ንፍሮ አቀረብኩላቸው። እነሱ ሲጨቃጨቁ እኔ በላሁት። ክርክር ለኔ ይስማማኛል።

ቤቴ ወረታ ዳር ነው፤ ከአጥሬ ወዲያ ሩዝ፣ ከሩዙ ወዲያ ውሃ። ዝናቡ ቆም ሲል ከሩዙ ላይ ጉም ተነሣና አጥሩን ዋጠው። የባጃጅ ጡሩምባ ከመንገድ ይሰማል፤ ባጃጁ ግን አይታይም። ይሄኔ ነው ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ፣

"ጥሩ" ያለ።

እኔን "ጥሩ" ብሎ የሚጠራ ሰው ካለቀ ቆይቷል። ለልጆቹ እማማ ነኝ፣ ለጎረቤቱ እትዬ። ንፍሮው እጄ ላይ ቀረ።

ያን ድምፅ ከዚያ በፊት አንድ ክረምት ሰምቼው ነበር። ያኔ ልጃገረድ ነኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኛ ያለንበት መንደር ደግሞ የርብ ወንዝ ሲሞላ ደሴት ይሆናል። ውሃው ሜዳውን ሁሉ ይተኛበትና ቤተክርስቲያኑና ጥቂት ጎጆ ብቻ ከላይ ይቀራሉ። ለመውጣት የደንገል ታንኳ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ሁሉ ነገር እርጥብ ነው። እንጨቱ አይነድ፣ ልብሱ አይደርቅ፣ ቆሎው እንኳ ጥርስ ላይ ይለጠፋል።

አባቴ ቄስም የኔታም ነበር። ቀኑን ሙሉ ሀሁ ሲጮህበት ባደግሁበት ቤት እኔ አንድ ፊደል አልያዝኩም። ከኔ በሬያችን ሳይሻል አይቀርም።

በዚያ ክረምት ይልማ የሚባል ልጅ ከከተማ መጣ። ገበሬውን ፊደል አስተምር ተብሎ ነው የተላከ። ገና ሳይጀምር ውሃው ከበበውና እኛ ቤት ታጎረ። ገበታ ቀርቦ አባዬ ሊባርክ እጁን ሲያነሣ፣

"የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እግዜር የለም" አለ።

"እሺ፣ ብላ" አለው አባዬ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ቤተክርስቲያኑ ጥግ ካለችው ሾላ ሥር ተቀምጠው ይከራከራሉ። ሌላ ምን ይሠራ፣ ውሃ ከቦናል። መንደሩ እንደ ሠርግ ይሰበሰብላቸዋል። እኔ ሽምብራ ቆሎ እያዞርኩ አያቸዋለሁ። አንዱ ሲናገር ሌላው አይሰማም፤ ተራውን ነው የሚጠብቅ። አፉ እየተንቀሳቀሰ፣ መልሱን እያኘከ።

"ማን አሸነፈ?" እላቸዋለሁ ሲጨርሱ።

"እኔ" ይላሉ እኩል።

አንድ ቀን ወንድሜ አለሙ የቀረች ላም ፍለጋ በጠዋት በታንኳ ወጣ። ምሳ ደረሰ፣ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወረደ። አባዬና ይልማ ከሾላው ሥር እንደ ልማዳቸው ይከራከራሉ፤ ግን አባዬ በየመሐሉ ወደ ውሃው ያያል። እናቴም ከቤት ብቅ ትልና ተመልሳ ትገባለች። ያኔ፣

"ጥሩ" አለ ከውሃው።

ረጋ ያለ የሴት ድምፅ ነው። አቤት ልል አፌን ስከፍት አባዬ መዳፉን አፌ ላይ ጫነው።

የኛ አገር ሰው ውሃ ሲሞላ ከውሃው ላይ ስሙ ቢጠራ አይመልስም። ሦስት ጊዜ እስኪጠራ ይጠብቃል። የውሃው ሰዎች ሁለቴ ነው የሚጠሩ፣ ሦስተኛው አይሆንላቸውም ይባላል። ለምን እንደማይሆንላቸው አላውቅም፤ የጠየቃቸውም የለ።

"ጥሩ" አለ እንደገና፣ ቀረብ ብሎ።

"ሰው ነው፤ መልሱለት እንጂ" አለ ይልማ።

"ሦስተኛውን እንጠብቅ" አለ አባዬ።

ጠበቅን። እንቁራሪቱ ሁሉ ዝም ብሏል። ሦስተኛው አልመጣም።

"ሰው አይደለም" አለ አባዬ፣ እጁን ከአፌ እያነሣ።

በሌላ ቀን ቢሆን ይልማ ይስቅ ነበር። ያን ቀን አልሳቀም። "የኔታ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ለሁለት ጊዜ ብቻ ትንፋሽ የቀረው ሰው ቢሆንስ?"

አባዬ ወደ ውሃው ዞሮ አየ።

"የሴት ድምፅ ነው። አለሙ አይደለም" አለ።

"ብርድ የሰው ድምፅ ይለውጣል" አለ ይልማ።

"ከተሳሳትክስ?"

"ከተሳሳትኩ ጋኔኑ መጀመሪያ እኔን ይብላ።"

"አንተማ አጥንት ብቻ ነህ" አልኩ እኔ። ማንም አልሳቀልኝም።

በሁለት ታንኳ ወጣን፤ አለሙን ካገኘነው የሚጫንበት ያስፈልጋል። አባዬ ብቻውን፣ ይልማ ከኔ ጋር። ይልማ ታንኳ ላይ እንደ ድመት ነው፣ በአራት እግሩ። ጥቂት እንደሄድን አባዬ ከዓይናችን ጠፋ። የራሴ ታንኳ ጫፍ እንኳ አይታየኝም።

"ይልማ" አለ አባዬ ከጉሙ፣ "ዝም እንዳትል። የት እንዳላችሁ በድምፅህ ልወቅ።"

"ምን ልበል የኔታ?"

"ደግሞ ዛሬ የምትለው ጠፋህ? የለም በል።"

"እግዜር የለም!"

"አለ!"

እንዲህ እየተባባሉ ሄድን፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ። መቅዘፊያ እንጨቴን ወደ ታች ስሰድ ሣር ነካ። የሰው ጎጆ ጣራ ላይ ነው የምንሄድ። ነጭ ወፍ ውሃው ላይ ቆማ አየኋት፤ ከእግሯ ሥር ምን እንዳለ አይታይም። ታንኳው ሲያልፍ ምንም አልተንቀሳቀሰች፣ አንገቷን ብቻ አዞረች።

እንግዲህ ሾላው ሥር አይደማመጡም ነበር አልኩ። ጉም ውስጥ ግን እያንዳንዷን ቃል ካላዳመጡ ሊጠፋፉ ነው። ይልማ "እግዜር ካለ ይህን ውሃ ለምን ለቀቀው?" ሲለው አባዬ፣ "አላውቅም ልጄ" አለ። ደግሞ እሱ በተራው "አንተስ፣ አለሙ ወንድምህ አይደለ፣ የሚያይህ የለ፣ ለምን መጣህ?" አለው። ይልማም፣ "እኔም አላውቅም የኔታ" አለ። ሁለት ሊቅ አንድ ቀን ላይ አላውቅም ሲሉ መስማት ከጉሙ ይልቅ አስፈራኝ።

አባዬ "አለሙ!" ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። "አለሙ!" አለ ደግሞ። መልስ የለም። ሊደግም ሲል ግን ያች ሴት ከኋላችን፣ ታንኳው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ያህል ቀርባ፣

"አንዱዬ" አለች።

አንዱዬ የሚባል ሰው በመንደራችን የለም። ይልማን ባየው ከንፈሩ ነጥቷል።

"አንዱዬ" አለች እንደገና።

ይልማ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ያ ሁሉን የሚያውቅ ልጅ ሦስተኛውን ጠበቀ! ሦስተኛው አልመጣም።

"ይልማ፣ ለምን ዝም አልክ?" አለ አባዬ ከወዲያ። ድምፁ በጣም ርቋል። "ተናገር እንጂ፣ ልትጠፉብኝ ነው!"

"የለም" አለ ይልማ፣ የታመመ ልጅ በሚናገርበት ድምፅ።

"አለ! በርታ!"

"የለም!"

ይሄኔ ከራሳችን በላይ፣ "አባዬ?" አለ አንድ ሰው። አለሙ ነው። ታንኳው ተገልብጦበት ጫፏ ብቻ የቀረች ዋርካ ላይ ወጥቶ እንደ ዝንጀሮ ቅርንጫፍ አቅፏል። ስናወርደው ጣቶቹ አልላቀቅ ብለው አንድ በአንድ ነው የፈታናቸው።

"ስጠራህ ለምን አልመለስክም?" አለው አባዬ።

"ሁለቴ ጠርተህ ስትቀር ጊዜ እነሱ ናቸው ብዬ ዝም አልኩ። ኋላ ግን አለ የለም ስትባባሉ ሰማሁ። እንዲህ የሚጨቃጨቅ ከእናንተ በቀር ማን አለ ብዬ ነው።"

"ጥሩን የጠራሃትስ አንተ ነህ?"

"እኔ ማንንም አልጠራሁም" አለ። "ሴትዮዋን ግን ሰምቻታለሁ።"

ከዚያ እስከ መንደራችን ማንም ስለ ሴትዮዋ አላነሣም። አለ የለም ብቻ።

እሳት ዳር ተቀምጠን አለሙን ስናሞቀው አባዬ፣ "እመቤታችን ትሆናለች የላከችን" አለ።

"ይሆናል" አለ ይልማ። "ወይም ከሌላ መንደር ልጇን የምትጣራ ሴት። ድምፅ በውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳል።"

"ይሆናል" አለ አባዬ።

ያች ቃል እስከዚያ ቀን ቤታችን ገብታ አታውቅም። ይልማ ቤተክርስቲያን አልሳመም፤ አባዬም ጥምጥሙን አልጣለም። ውሃው እስኪጎድል ሾላዋ ሥር ተከራከሩ፤ ግን ማን አሸነፈ ስላቸው ቆሎዬን ይበላሉ። አባዬ ከዚያ ወዲያ ከውሃው ላይ የተጠራ እንደሆነ ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ይወጣ ነበር። ይልማ ደግሞ ከመንደራችን እስኪሄድ ድረስ ሦስተኛውን ይጠብቅ ነበር። አንዱዬ ማን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅሁት።

"እናቴ እንዲያ ትለኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልመለስክላትም?"

"ሞታለች ጥሩ" አለኝ።

እናም ትናንት ያ ድምፅ "ጥሩ" ሲል ልጆቹም ሰሙት። ሀብታሙ፣ "ሩዝ የሚጠብቁ ሴቶች ናቸው" አለ። ገብሬ አማተበና፣ "እማማ፣ እንዳይመልሱ" አለኝ።

"ጥሩ" አለ ደግሞ። ከዚያ ቀረ።

"ተነሡ ሁለታችሁም" አልኳቸው። "ሂዱና እዩ፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው እንዳይሆን። ክርክሩን እንዳትተዉ፣ እየሄዳችሁ ተከራከሩ። ድምፃችሁን ልስማ።"

አጥሩን አልፈው ጉሙ ዋጣቸው። አለ፣ የለም፣ አለ፣ የለም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ማን ልክ እንደሆነ ያልተማርኩት ሴትዮ ከየት አውቄ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሁለት ሰው በጉም ውስጥ እየተደማመጠ ከተከራከረ አይጠፋፋም።

ድንገት ዝም አሉ።

"ተናገሩ እንጂ!" አልኩ፣ ልክ እንደ አባዬ።

ቆዩ። ቆዩና ከሩቅ፣ "አለን እማማ፣ ማንም የለም" አሉ እኩል።

ጆሮዬን አቅንቼ አዳመጥኩ። ሁለት ድምፅ ነው። ተመስገን፣ ሁለት ብቻ።