የጥቁር ገብስ ነዶ

ሰፈሩ «ጋሼ ጥቁሩ» የሚላቸው በመልካቸው አይደለም፤ መልካቸውማ ቀይ ነው። ስሙ የወጣላቸው በገብሳቸው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በማሽን የሚታጨደውን አጭር ስንዴ መዝራት ከጀመረ ቆይቷል። እሳቸው ግን ከቅድመ አያት የወረደውን ጥቁር ገብስ አልተዉም። ረጅም ነው፣ ጺሙ እጅ ይቧጥጣል፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይተኛል። የተኛ ሰብል ለማሽን ስለማይመች በማጭድ ይታጨዳል።

ለዚህ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እሳቸው ከፊት ሲያጭዱ ባለቤታቸው ከኋላ እየተከተሉ ነዶ ያስሩ ነበር። ወሬ አያልቅባቸውም፤ ከዝናቡ ጀምረው የማን ልጅ ማንን እንዳገባች እስኪደርሱ ማሳው ያልቃል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጋሼ ጥቁሩ ትንሽ ያጭዱና ማጭዱን አስቀምጠው፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ያስራሉ። አንዳንዴ ቀና ሳይሉ «ሰማሽ?» ይሉና ራሳቸው ይደነግጣሉ።

አንድ ቀን የማጨጃ ማሽኑ ሹፌር አያቸውና ቆመ።

«ጋሼ፣ ምን አለ ቢገላገሉት? ስንዴ ቢዘሩ እኮ ከምሳ በፊት ጨርሼልዎት እሄዳለሁ።»

«ከምሳ በኋላስ ምን ልሠራ?»

ሹፌሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ከተማ የምትኖረው ልጃቸው በዚያው ዓመት እረፍት ወስዳ ለአጨዳ መጣች። ጓንት አድርጋ ከኋላቸው ስታስር ዋለች። ነዶዋ ይላላል፤ ሲያነሱት ይበተናል። ልታጫውታቸውም ሞከረች፤ ግን የምታወራው ስለ መሥሪያ ቤቷ ሰዎች ነው፣ እሳቸው አንዱንም አያውቁም።

ገብሱ ተወቅቶ ሲፈጭ ዳቦ ጋገረች። ቆርሳ ቀመሰች።

«የእማዬን አይመስልም አይደል?»

«አይመስልም» አሉ። ዋሽተው ሊያጽናኗት ይችሉ ነበር፤ አፋቸው እምቢ አላቸው። «ብዪ ግን። ገብሱ ያው ነው።»

«እኔ ጋ ብትመጣስ አባዬ?»

«እንግዲህ ይታያል።»

እንደማይሆን ሁለቱም ያውቁታል።

እሷ ከሄደች በኋላ ዳቦው ለአንድ ሰው በዝቶ ደረቀ። ሾርባ ውስጥ እየነከሩ ጨረሱት። በሚቀጥለው የዘር ወቅት ትልቁን ማሳ ለጎረቤት ለስንዴ ሰጡ። ለራሳቸው አጥሩ ጥግ ያለችውን ቁራጭ መሬት አስቀርተው ጥቁሩን ገብስ ዘሩባት።

ልጃቸው ደውላ «ምን ያህል ዘራህ?» አለቻቸው።

«አንድ ሰው የሚያስረውን ያህል።»

ተሰናበተቻቸው። ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ጆሯቸው ላይ እንደያዙት ትንሽ ቆዩ።