የአያ ደሴ ምራቂ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ባስታወስኩት ቁጥር መጀመሪያ ያልበኛል፤ ከዚያ ሳቄ ይመጣል።

አማኑኤል አካባቢ ያለ የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ደብረ ማርቆስ በተሰጠን ሥልጠና ላይ «ቀጣናዊ የኢኮኖሚ ትስስር» ሲባል ከሰማሁ ወዲህ፣ «ጎረቤት እያለ ምን ሩቅ ያስኬደናል?» እያልኩ አባላቱን መውጫ መግቢያ አሳጣኋቸው። በመጨረሻ ባቄላችንን ለአንዲት ኬንያዊት ነጋዴ ሸጥን። ያ ጭነት ቢመለስ ዳግም የሚሰማኝ እንደሌለ አውቅ ነበር።

እያንዳንዱ ጆንያ ሃምሳ ኪሎ ተመዘነ፤ ወረቀቱም እንዲሁ ተሞላ። እኔም ከመኪናው ጋር ሞያሌ ወረድኩ።

ከድንበሩ ወዲያ አንዲት የኬንያ ተቆጣጣሪ ሦስት ጆንያ መርጣ አስመዘነች። ሦስቱም ከተጻፈው በለጡ። ሌላ ሦስት አስወረደች፤ እነሱም በለጡ። መኪናውን ጥግ አስያዘችና «ውስጡ ምን ደበቃችሁ?» አለች። የሞያሌ ልጅ የሆነው ሾፌራችን ነው ያስተረጎመልኝ።

ጆንያዎቹን የሰፉት ሽማግሌው አያ ደሴ ነበሩና ደወልኩላቸው።

«አያ ደሴ፣ ከሚዛን በኋላ የጨመሩት ነገር አለ እንዴ?»

«ምራቂ ነዋ!» አሉ ተቆጥተው። «አገር አቋርጦ ለሚሄድ እህል ምራቂ ልነፍግ ኖሯል? ምን ይሉናል!»

ለካ በየጆንያው አንዳንድ ጣሳ ባቄላ እየጨመሩ ነው የሰፉት።

ተቆጣጣሪዋ አላመነችም። «በነጻ የሚጨምር ነጋዴ የት አለ?» አለች። ይኼኔ ጭነቱን ልትረከብ የመጣችው ገዢያችን ሳቀች።

«በእኛው ገበያ አለ» አለቻት። «ኒዮንጌዛ የምንለው ምራቂ ነዋ። እናቴ እሱን ሳትጨምር ሸጣ አታውቅም። ሁሉም ይፈተሽ፤ እኔ እዚሁ እቆያለሁ።»

ትታን መሄድ ስትችል ጆንያው ሁሉ ተፈትቶ እስኪመዘን ፀሐይ ላይ ቆመች። መርፌ ይዛ አብራን ሰፋች። ወረቀቱ ታርሞ ባቄላው አለፈ።

ዘንድሮም የምትገዛን እሷው ናት። አሁን ምራቂው የሚገባው ከሚዛን በፊት ነው። አያ ደሴ ግን አልተዋጠላቸውም፤ «የተመዘነ ምራቂ ምኑን ምራቂ ሆነ!» ይላሉ።

ባለፈው ወር ሾፌሩ ከእሷ ለአያ ደሴ የተላከ አንድ ከረጢት ሻይ ቅጠል አመጣ።

«ተመዝኗል?» አሉኝ።

«አልተመዘነም።»

«እንግዲያው ዘመድ ሆነናል» አሉ።

ሥልጠናው ላይ ያንን «ትስስር» የሚል ረጅም ስም ስሰማ ባለሥልጣናት የሚፈጥሩት ነገር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ትስስሩ በየገበያችን ድሮም እንደነበረ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። እኛ የጎደለን ወረቀቱ ብቻ ነበር።