ባርኔጣ የሚጥል ቁመት

በማዘጋጃ ቤቱ የሕንጻ ምዝገባ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራውን ሰው በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ባለ ባርኔጣው» ይለዋል። ባርኔጣውን ለፀሐይ ብሎ የሚያደርገው እንዳይመስላችሁ፤ የሥራ መሣሪያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ሕንጻ ባለቀ ቁጥር በሚሞላው መዝገብ ላይ «ዓይነት» የሚል መስመር አለ። ምርጫው ሦስት ነው፤ ቤት፣ ፎቅ፣ ሰማይ ጠቀስ። ፎቅ የት ላይ አብቅቶ ሰማይ ጠቀስ የት እንደሚጀምር ግን የሚናገር መመሪያ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ያለውን ጽፎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ የእኛ ሰው ግን እንቅልፍ አጣ። አውጥቶ አውርዶ በመጨረሻ መለኪያ አበጀ። ከሕንጻው በር አርባ እርምጃ ይርቃል፣ ዞሮ ይቆማል፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን ይፈልጋል። ባርኔጣው ከወደቀ ሰማይ ጠቀስ፣ ካልወደቀ ፎቅ። በዚህ ሁሉ ዓመት ባርኔጣው የወደቀው አራት ጊዜ ነው። አንዴ ነፋስ ጥሎበት ነበር፤ እሱን አልቆጠረውም።

ከተማው ግን ለቃሉ አይሳሳለትም። ደላላው ባለ ሦስት ፎቅ ሲያከራይ «ሰማይ ጠቀስ» ይላል። የገዛ ሚስቱ እንኳ እህቷ አንድ ደርብ ብትጨምር «ሰማይ ጠቀስ ሠራች» ብላ አወራች። ባለ ባርኔጣው ይህን ሰምቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ ሰርግም ይሁን ለቅሶ ቤት ያርማል። «ሰማይ ጠቀስ ማለት እኮ ጫፉ ሰማዩን የነካ የሚመስል ነው፤ የእህትሽ ቤት የሚነካው የመብራት ሽቦውን ነው» ብሏት ሳምንቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ምሳ በላ። «አንተ ሰው፣ ሰማዩን አደራ የሰጠህ አለ?» ትለዋለች።

ተራው የታላቅ ወንድሙ ሕንጻ እስኪሆን ድረስ ይህ ሁሉ ያስቅ ነበር።

ታላቅ ወንድሙ ግንበኛ ናቸው። ባለ ባርኔጣው ገና ልጅ ሳለ አባታቸው ስለሞቱ ያሳደጉትም ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው፤ መዝገብ የሚሞላበትን ፊደል የቆጠረው በእሳቸው ላብ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አጥርና መጋዘን ሲገነቡ ኖረው፣ በስተርጅና ባለ አሥራ አንድ ፎቅ ላይ ዋና ግንበኛ ሆኑ። ጉልበታቸው እየከዳቸው ስለነበር የመጨረሻ ሥራቸው እንደሆነ ያውቁት ነበር። የምዝገባው ዕለት ካፖርታቸውን ለብሰው መጡ። ባለ ባርኔጣው አርባ እርምጃ ቆጠረ፣ ዞረ፣ ቀና አለ። ባርኔጣው ወደ ኋላ ተንሸራተተና ጆሮው ላይ ሲደርስ ቆመ። ወይ ፍንክች። አንገቱን ትንሽ ቢነቀንቅ ይወድቅ ነበር፤ እሱም አላጣውም። ግን አልነቀነቀም። «ፎቅ» ብሎ ጻፈ።

ታላቅየው ካፖርታቸውን ቆልፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ የወንድማቸውን ደጃፍ አልረገጡም። እሱ ሲሄድ ደግሞ «ተኝተዋል» ይባላል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁልጊዜ ተኝተዋል።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነገሩ አንገበገበው። ከመሥሪያ ቤቱ መሰናበቱ አይደለም፤ ካሳደጉት ወንድሙ ጋር ሳይታረቅ ማርጀቱ ነው ያስፈራው። ሄደ። የዚያን ቀን ወንድሙ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ስላገኛቸው ተኝተዋል የሚለው ሰው ተቸገረ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ለወጥከው?»

«አልለወጥኩትም። አልወደቀማ።»

ታላቅየው ከዘራቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። «ሁሌ ታች ቆመህ ነው የምታየው። በሠላሳ ዓመት አንዱን እንኳ ወጥተህ ታውቃለህ?»

አያውቅም። ሥራው ታች ነው።

«እኔ ስሠራው ሊፍት አልነበረውም። በደረጃ ውጣውና ከዚያ መጥተህ አነጋግረኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ወጣ። እስከ ሦስተኛው ድረስ እንደ ሹም ተንጎራደደ። አምስተኛው ላይ መደገፊያውን ያዘ። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሱም አያወራውም። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ አልፋው ሄደች፤ ስትመለስም እዚያው ተቀምጧል። «አባባ፣ ሊፍቱ እኮ ይሠራል» አለችው። «አውቃለሁ» አላት ተቆጥቶ። ትንፋሹ እስኪመለስ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰው። አንድም የተንጋደደ ብሎክ አላገኘም፤ መፈለጉን ግን ፈልጓል። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ ላቡን ጠረገ። እሱ አንድ ቀን የወጣውን ወንድሙ በዚያ በሚከዳቸው ጉልበት በየቀኑ ይወጡት እንደነበር ሲያስበው አፈረ። እንባውም መጣ።

ቢሮው ተመልሶ መዝገቡን ገለጠ። «ፎቅ» የሚለውን አልነካውም። «ማሳሰቢያ» በሚለው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዶውን ባሳለፈው ቦታ ላይ ግን ጻፈበት። ቅጂውን ይዞ ሄዶ ለወንድሙ ቆሞ አነበበላቸው። «መዝጋቢው በእግሩ ወጥቶ አይቶታል። ከታች እስከ ላይ የተንጋደደ ብሎክ የለም። የገነቡት የመዝጋቢው ታላቅ ወንድም ናቸው።»

ታላቅየው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። «ሰማይ ጠቀስ የሚል የለበትም?»

«የለበትም፣ ጋሼ።»

«ግትር።»

«እርስዎ ነዎት ያሳደጉኝ።»

ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ያዙት። «ስንተኛው ላይ ተቀመጥክ?»

ሊዋሽ አሰበና ተወው። «ሰባተኛው ላይ።»

«እኔም እዚያ ነበር የምቀመጠው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ሠራተኞቹ ሳያዩኝ።» ከዚያ ከዘራቸውን አንስተው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁለት።