ግድግዳ ላይ የለጠፉት ሰካራም

መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ እነሱ ግን ሰካራም ብለው ፎቶዬን ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

በደርግ ጊዜ ናይሮቢ ለተሰደድን ወጣቶች ጤና እናስተምራለን የሚሉ ሰዎች ፓርክላንድስ ውስጥ አዳራሽ ነበራቸው። ኢምባካሲ ሰፈር ጭነት ስሸከም አድሬ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለኝ፤ ያኔ ነው ፎቶ ያነሱኝ። ከሥሩ የጻፉትን ጓደኛዬ አነበበልኝ፤ እኔ ያኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። «መጠጥ እንዲህ ያደርጋል» ይላል።

አስተማሪው ዘንድ ሄድኩ። ከረባት ያሰረ ያገሬ ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ ወጣት ጠባዩን የሚለውጠው ሲፈራ ነው። የተጠና ንድፈ ሐሳብ ነው» አለኝ።

«ታዲያ እኔን ነው የሚፈሩት?»

«እንዳንተ መሆንን።»

ንድፈ ሐሳቡን ይብላው! ልጆቹ እኮ ፎቶዬ ሥር ተቀምጠው «ጋሼ፣ ለጤናችን!» እያሉ ቢራቸውን ይገለብጡ ነበር። የፈራ ሰው ቢኖር ምግብ ቤት ያላቸው የምወዳት ልጅ አባት ብቻ ናቸው። «ለዚያ ለግድግዳው ሰካራም ልጄን አልሰጥም» ብለው ሽማግሌዎቼን መለሱ።

አስተማሪውን እየጎተትኩ ምግብ ቤታቸው ወሰድኩት። ከረባቱን እያስተካከለ «ደክሞት ተኝቶ እንጂ ጠጥቶ አልነበረም» አለ። አፉን ቢዘጋ ምን ነበረበት? ንድፈ ሐሳቡን ሊያስረዳቸው ጀመረ።

«አንተ፣ ሰው እያዋረድክ ነው ጤና የምታስተምረው?» አሉት። «ተነስ፣ አሁኑኑ አውርደው!»

አወረደው። ልጃቸውንም ሚያዝያ 25 ቀን 1979 ዓ.ም. ዳሩልኝ።