የአባቴ ኮምፒውተር ዳንቴል

ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው፤ የገዛ እናቴ ኮምፒውተር አልነሳ ካለ ወር እንዳለፈው ግን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ላለማስቸገር ብላ ነው ዝም ያለችው። ተናድጄ እሷ ወዳለችበት ቁይ ሄድኩ።

ያ አሮጌ ኮምፒውተር የአባቴ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻ ይጽፍበት ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ የሚጽፍበት የለም፤ እናቴ ግን ጠዋት ጠዋት ታበራውና አጠገቡ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች። ድምፁ ሲሰማ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል ትላለች።

የለበሰውን ዳንቴል ገፍፌ ስከፍተው ፋኑ በጥጥ ብናኝ ታፍኗል።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ አየር ይፈልጋል! እየሠራ እንዴት በጨርቅ ይሸፈናል?" ብዬ ጮኽኩባት።

ብናኙን በብሩሽ ጠረግኩ፤ ሜሞሪውን ነቅዬ ጫፉን በላጲስ አሸሁት። ሦስተኛው ሙከራ ላይ እያጓራ ተነሳ። ዳንቴሉን ሣጥን ውስጥ ከትቼ፣ "ሁለተኛ እንዳላየው!" ብያት ወጣሁ።

ለፋሲካ ስመለስ ኮምፒውተሩ በርቷል፤ አዲስ ዳንቴል ለብሷል። ልቆጣ ጠጋ ስል፣ በፋኑ ልክ ክብ ክፍት ትታ ዙሪያውን በአበባ ሠርታዋለች።

"ምነው እማዬ፣ ጭራሽ ባይለብስስ?" አልኳት፤ ድምፄ ግን ቁጣ አልነበረውም።

እንዝርቷን ሳታቆም፣ "አባትህ ያለ ጋቢ ተቀምጦ ያውቃል?" አለችኝ።