ቀስቱ ወደ ግራ ይሄዳል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የፀጉር ሪባን የምሠራ መስሎኝ ነበር። ያሳሳተችኝ ስፖንሰር አድርጋ ከአዲስ አበባ ያመጣችኝ እህቴ ናት። ሬክስዴል በሚባለው ሰፈራችን «ቦው» የሚሸጥ ሱቅ ክር የሚያውቅ ሠራተኛ ይፈልጋል ብላ ላከችኝ። እንግሊዝኛ ሪባኑንም ቀስቱንም በአንድ ቃል እንደሚጠራ ሁለታችንም አናውቅም ነበር። አዲስ አበባ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበርኩና፣ ሪባን አያቅተኝም ብዬ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ትንሿን መቀሴን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ።

በሩን ስከፍት የአጋዘን ጭንቅላት ከግድግዳው ላይ ቁልቁል አየኝ። የሱቁ ባለቤት ዴዝመንድ ይባላል፤ በልጅነቱ ከጃማይካ የመጣ፣ ሲስቅ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው። መቀሴን ሳወጣ በእሱ ምን ልቆርጥ እንዳሰብኩ ጠየቀኝ። ስነግረው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሰም የተቀባ ክር እጄ ላይ አኖረና «ይህን ማክረር ትችያለሽ?» አለኝ። ክር የትም ክር ነው፤ አከረርኩለት። በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «ነገ ነጭ ሸሚዝ እንዳትለብሺ» አለ። መቀጠሬን ያወቅኩት በዚህ ነው።

በሱቁ ሥራው በደረጃ ነበር። ጀማሪ ክርና ገመድ ይሠራል። ከዚያ ቀስት መገጣጠም ይማራል። ከሁሉም በላይ ያለው ቀስቱን ለአደን ያስተካክላል። እኔ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው በቶሎ አለፍኩ፤ ሦስተኛው ጋ ለመድረስ ግን ብዙ ክረምት ሄደ። ዴዝመንድ ደግሞ የማይቸኩል መምህር ነበር። ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው የሰፈሩ መንገድ ተቆፍሮ አርፍዶ ሲመጣ ብቻ ነበር ሲጣደፍ የማየው።

የአሁኑ ዘመን የአደን ቀስት ሥዕል ላይ እንደምናውቀው የታጠፈ እንጨት አይደለም። ኮምፓውንድ ይሉታል። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆኑ መዘውሮች አሉት፤ ክሩና ገመዶቹ እነሱ ላይ ይዞራሉ። ፍላጻው የሚቀመጠው ከመያዣው በላይ ባለች ትንሽ ማረፊያ ላይ ነው። ማረፊያዋ በብሎን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ትንቀሳቀሳለች። ሥራችን ሁሉ እዚያች ብሎንና ገመዶቹ ላይ ነው።

ለልምምድ የሚገጠመው የፍላጻ ጫፍ እንደ ጥይት ድቡልቡል ነው። ለአደን የሚገጠመው ምላጭ አለው፤ ብሮድሄድ እንለዋለን። ምላጮቹ ነፋሱን እንደ ክንፍ ይይዙታል። ፍላጻው ከክሩ ሲላቀቅ ፀጉር ታህል ከተንጋደደ የልምምዱ ጫፍ ይቅር ይላል። ብሮድሄድ ግን ቂመኛ ነው፤ ቅርብ ላይ ዝም ብሎ ቆይቶ አርባ ያርድ ላይ ያወጣዋል። ዴዝመንድ «ከቅርብማ ሁሉም ጎበዝ ነው» ይል ነበር።

ስለዚህ ከፍላጻው እንጀምራለን። እያንዳንዱን በትናንሽ ጎማዎች ላይ አሽከርክረን ጫፉ የሚወዛወዘውን እናወጣለን። ቀጥሎ በተወጠረ ወረቀት ውስጥ እንተኩሳለን። ፍላጻው ቀጥ ብሎ ካለፈ ክብ ቀዳዳና የጭራውን ላባዎች ምልክት ብቻ ይተዋል። ወረቀቱ ወደ ጎን ከተቀደደ ጭራው ተንጋዶ ወጥቷል ማለት ነው። ያኔ ወይ ማረፊያዋን እናንቀሳቅሳለን፣ ወይ ጫፉ ላይ ለሁለት ከሚከፈለው ገመድ አንዱን እግር ትንሽ እናከርራለን። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መንካት ክልክል ነው፤ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም። ገመዱንም ልክ ካላወቁለት፣ ሲከር ይበጠሳል ነው ነገሩ። ይህን ከስፌት መኪና ተምሬው ስለመጣሁ አዲስ አልሆነብኝም።

በዚህ ሥራ ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ የምወዳቸው ጋሽ ታደሰ ናቸው። የአማርኛ ቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን ፎርክሊፍት ይነዱ ነበር። የሥራ ባልደረቦቻቸው በየዓመቱ በመጸው ወደ ሰሜን ለአጋዘን አደን ይወጣሉ። ክረምቱን ሙሉ ምሳ ላይ የሚወራው ያ ጉዞ ነው። ጋሽ ታደሰ አብረው ይስቃሉ፤ በምን እንደሚሳቅ ግን አያውቁም። በዚያ ዓመት ኬን የሚባለው አለቃቸው «አንተም ና» አላቸው። ኮርሱን ተምረው፣ ፈቃዱን አውጥተው፣ ያገለገለ ቀስት ገዝተው እኔ ጋ መጡ።

ኬን ግን አንድ ደንብ ነበረው። ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ ሁሉም በአርባ ያርድ ርቀት ሦስት ብሮድሄድ ይተኩሳል። ሦስቱን የእራት ሳህን በምታህል ክብ ውስጥ ያላገባ ጫካ አይገባም። እንስሳ አቁስሎ ማሳደድ ነውር ነው ይላል፤ እውነቱን ነው።

«ሰናይት ልጄ፣ ፓስ ካላደረግኩ ካምፕ ቀርቼ ወጥ ሠሪ መሆኔ ነው» አሉኝ። «ሽንኩርት ከትፌ አላውቅም!» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ አገር ከመጣሁ አብረን እንሂድ ያለኝ ሰው ይሄ የመጀመሪያው ነው።»

ቀስቱን እንደ ራሴ አድርጌ ሠራሁት። ወረቀቱ ላይ የወጣው ቀዳዳ በወስፌ የተበሳ ይመስል ነበር። የማረፊያዋን ብሎን አዟዟር አሳየኋቸው። አያያዙንም አሳየኋቸው፤ እጅ ላላ ይላል፣ ቀስቱን አይጨብጥም። ሱቃችን ውስጥ ብሮድሄድ አይተኮስም፤ ቦታውም አጭር ነው። ራቅ ያለ የቀስት መለማመጃ ሜዳ ሄደው ራሳቸው ሊሞክሩት ተስማማን።

ሐሙስ ዕለት ከሜዳው ደወሉ።

«ቀስቱ ወደ ግራ ይሄዳል!»

«በልምምዱ ጫፍስ?»

«እሱማ መሃል ነው። ምላጩን ስገጥም ነው የሚሸፍተው።»

ነገሩ ቀላል መሰለኝ። «ያኔ እንዳሳየሁዎት፣ ቀስቱን በጣም ትንሽ ወደ ቀኝ ያድርጉት» አልኳቸው።

ትንሽ ቆይተው መልሰው ደወሉ። «ባሰበት። አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ሳር ውስጥ ገባ።»

«ታዲያ አብዝተው ይሆናል። ቀነስ ያድርጉት።»

«ኧረ እንዴት አድርጌ ልቀንሰው? እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው!»

ማረፊያን በብሎን ለማንቀሳቀስ እጅ ለምን ይንቀጠቀጣል? ለዴዝመንድ ነገርኩት። «በስልክ ቀስት አይስተካከልም» አለኝ። «ነገ ሱቁን እኔ እይዛለሁ፤ ሂጂና ሰውየውን እዪው።»

ዓርብ የሥራ ሺፍታቸው ሳይገባ ሜዳው ላይ ተገናኘን። «እስቲ ልክ እንደ ትናንቱ ይተኩሱልኝ» አልኩና ከኋላቸው ቆምኩ። ቆሙ፣ ሳቡ፣ አነጣጠሩ። ከዚያ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ግንባራቸው ላብ እያወጣ፣ የያዙትን ቀስት በእጃቸው ወደ ቀኝ ጠመዘዙት።

«ጋሽ ታደሰ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ያልሽኝን ነዋ! ቀስቱን ወደ ቀኝ!»

ብሎኗ ከሱቅ እንደወጣች ናት፤ ማንም አልነካትም። ይህን ስጽፍ ፍላጻ እያልኩ እለያለሁ እንጂ ስናወራ ማን ይለያል! በእጅ የሚያዘውም ቀስት፣ የሚወረወረውም ቀስት ነው። እሳቸው «ቀስቱ ወደ ግራ ይሄዳል» ሲሉ የሚወረወረውን ነው። እኔም «ቀስቱን ወደ ቀኝ» ስል የሚወረወረውን፣ ማረፊያው ላይ ያለውን ማለቴ ነበር። እሳቸው አያያዝ ያሳየኋቸውን አስታውሰው የያዙትን ጠመዘዙ። መጠምዘዝ ደግሞ ብሮድሄድን የሚያሳብድ ዋናው ነገር ነው።

ስነግራቸው የያዙትን ቀስትና ፍላጻውን አፈራርቀው አዩ። ከዚያ ሳቅ ጀመሩ፤ እኔም አልቻልኩም። ሁለታችንም ሳሩ ላይ ተቀመጥን።

«ከአሁን ወዲያ ይሄ ቀስት፣ ይሄ ደግሞ ፍላጻ ነው» አልኳቸው።

«ፍላጻን ከስብከት ውጭ ስሰማ ዛሬ ገና ነው» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

እጃቸውን አላልተው ሲተኩሱ ብሮድሄዶቹ አንድ ላይ ተሰበሰቡ፤ አሁንም ከልምምዶቹ በስተግራ ነበሩ። ይሄ የራሴ ሥራ ነው። ማረፊያዋን ፀጉር ታህል ወደ ቀኝ ወሰድኳት። በሃያ ያርድ ተኮሱ፤ ቀረቡ። አሁንም ፀጉር ታህል። በሠላሳ ከልምምዶቹ ጋር ገጠሙ። አርባው ላይ ቆምን። መጀመሪያ የልምምዱን ተኮሱ፤ መሃል። ቀጥሎ ብሮድሄዱን ሲለቁት የመጀመሪያውን ፍላጻ ላባ ልጦት አጠገቡ ተሰካ።

«ላባዬን አበላሸው!» ብለው ጮኹ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎት ያማረረ ሰው አላየሁም። እኔም በጣም ኮራሁ፤ ምን አስደበቀኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ሆኜ ስልኩ ጮኸ።

«ሦስቱም ሳህኑ ውስጥ! ሦስቱም!»

«እልልል!» አልኩ፤ ደንበኞቹ ዞረው አዩኝ። «ሌሎቹስ?»

«ሁሉም ፓስ አደረጉ። ኬን ብቻ…» ሳቁ አላስጨርስ አላቸው። «ኬን ብቻ ሁለቱን ውጭ ጣላቸው! በራሱ ደንብ ወጥ ሠሪ ሆነ። እኔ ሽንኩርቱን ገዝቼለት እየሄድኩ ነው።»

ኬን ቃሉን አከበረና ካምፕ ቀረ። ጋሽ ታደሰ አንድ አጋዘን በአንድ ፍላጻ ጣሉ፤ ዓይናቸው ፊት ወደቀ። ሥጋውን አምጥተውልን ዴዝመንድ በካሪ፣ እኔ በጥብስ ሠራነው። የማን ይበልጣል በሚለው እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ምሳ ላይ ግን በዚያ ክረምት ወሬውን የሚያወሩት ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ የሚስቁት ሌሎቹ።

ከጉዞው እንደተመለሱ ኬን ራሱ ሱቃችን መጣ። መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ወደ ግራ ይሄዳል» አለ።

«የቱ?» አልኩት። «ቀስቱ ነው ወይስ ፍላጻው?»

እንደ እብድ አየኝ። «ፍላጻው ነዋ! ቀስቱማ እጄ ላይ ነው።»

ዴዝመንድ ከኋላ ሳቁን ለቀቀው። እኔ አልሳቅኩም፤ ጥያቄውን ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳልጠይቅ ቀርቼ አላውቅም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አንድ ነው። ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ደንበኛው የሚለውን ነገር በጣቱ ነክቶ ያሳያችሁ።